«ከ» እና «በ»፦ የጥንት ጉባኤያትን ክርክር በአማርኛ ስንጽፍ

ከዓመታት በፊት አንድ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ምዕራፍ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንድመልስ ተሰጥቶኝ ነበር። ረቂቁን እንደ ጨረስሁ፣ መጻሕፍተ ሊቃውንትን የተማሩ አንድ አረጋዊ መምህር እንዲያዩልኝ ይዤላቸው ሄድሁ። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ገጾቹን ቀስ እያሉ ገለጡ። ስለ ኬልቄዶን ጉባኤ ከሚናገረው ገጽ ሲደርሱ ጣታቸውን አንዲት ቃል ላይ አሳርፈው፣ «ልጄ፣ ይህችን ከየት አመጣሃት?» አሉኝ። ቃሏ «ብቻ» ነበረች። ጉባኤውን ያልተቀበሉትን የግብፅን፣ የኢትዮጵያን፣ የሶርያንና የአርመንን አብያተ ክርስቲያናት «በክርስቶስ አንድ ባሕርይ ብቻ አለ የሚሉ» ብዬ ገልጫቸው ነበር። «የኔታ፣ እንግሊዝኛው እንደዚያ ስለሚል ነው» አልኋቸው። «እንግሊዝኛው ይበል፤ እኛ ብለናል ወይ?» አሉና ቃሏን በብዕር ሰረዟት።

ያቺ የተሰረዘች ቃል ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ትርጕም እንጀራዬ ሆኖ ብዙ ዓመታት ኖሬአለሁ፤ ስለ ጥንት ክርስትና ትምህርተ ሃይማኖትና ስለ ጉባኤያቱ ክርክር በአማርኛ የሚወጡ መጻሕፍትንና መጣጥፎችንም በተቻለኝ መጠን እከታተላለሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከተከራካሪዎቹ ማን ትክክል እንደ ነበረ መፍረድ አይደለም። ያ የሊቃውንቱ ድርሻ ነው። እኔ የማነሣው የተርጓሚን ጥያቄ ነው፦ የዚያ ዘመን ሰዎች ያሉትን በእውነት ወደ አማርኛ እያመጣነው ነው? ወይስ ያላሉትን እያስባልናቸው ነው?

እንደ እኔ አስተያየት በጽሑፎቻችን ላይ ሦስት ጉድለቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው፣ ለእያንዳንዱ የግሪክኛ ቃል ዘመን የማይሽረው አንድ አማርኛ አቻ አለው ብሎ ማመን ነው። ሁለተኛው፣ ተቃዋሚ ያወጣውን ስም የባለቤቱ ስም አድርጎ መውሰድ ነው። ሦስተኛው፣ ከሁለቱ በሚመጣው ግራ መጋባት ተሰላችቶ «ነገሩ ሁሉ የቃላት ጭቅጭቅ ነበር» ብሎ መደምደም ነው። ሦስቱንም በየተራ ከታሪኩ ጋር እያገናዘብን እንያቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ምን ማለትህ ነው?»

በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ጳጳሳት አርዮስን ሲያወግዙ፣ ወልድ ከአብ ጋር «ሆሞኡሲዮስ» ነው አሉ፤ በ«ኡሲያ» አንድ የሆነ ማለት ነው። በሃይማኖት መግለጫቸው መጨረሻ ባሰፈሩት ውግዘት ውስጥ ግን «ኡሲያ» እና «ሂፖስታሲስ» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንደ ተመሳሳይ ጐን ለጐን አስቀምጠዋቸዋል። ዛሬ ስለ ሥላሴ የሚያስተምር ማንኛውም መጽሐፋችን የመጀመሪያውን «ባሕርይ»፣ ሁለተኛውን «አካል» ብሎ ይተረጕማል። ይህንኑ ትርጕም ይዘን ወደ ኒቅያ ብንመለስ፣ ጉባኤው «ወልድ ከአብ የተለየ አካል አለው» የሚለውን ሰው ያወገዘ ይመስላል። ዛሬ አማኙ ሁሉ የሚመሰክረውን ማለት ነው! የኒቅያ ጳጳሳት እንዲህ ማለታቸው አልነበረም። ቃሉ ዛሬ የምናውቀውን ትርጕም ገና አልያዘም ነበር።

የዚህ ነገር መዘዝ ብዙ ሳይቆይ ታየ። በአንጾኪያ የኒቅያን እምነት የሚቀበሉ ሰዎች ሳይቀሩ በሁለት ተከፈሉ። ገሚሶቹ በእግዚአብሔር ዘንድ አንድ ሂፖስታሲስ አለ፣ ገሚሶቹ ሦስት አሉ ይሉ ነበር። «አንድ» የሚሉት፣ «ሦስት» የሚሉትን ሦስት አማልክት የሚያመልኩ አድርገው ጠረጠሯቸው። «ሦስት» የሚሉትም በበኩላቸው፣ «አንድ» የሚሉትን እንደ ሰባልዮስ አብንና ወልድን የሚቀላቅሉ አድርገው ቈጠሯቸው።

በ362 አትናቴዎስ ከስደት ተመልሶ በእስክንድርያ ጳጳሳትን ሰበሰበ። ጉባኤው ለአንጾኪያ ሰዎች የላከው ደብዳቤ እስከ ዛሬ አለ። እኔ በበኩሌ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ካነበብኋቸው ሰነዶች ሁሉ ለተርጓሚ የሚጠቅም እንደዚህ ያለ አላየሁም። ጉባኤው ያደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ጠየቀ። «ሦስት» የሚሉትን፣ እርስ በርሳቸው ባዕድ የሆኑ ሦስት ነገሮች ማለታችሁ ነውን? ብሎ ጠየቃቸው። አይደለም አሉ፤ ሥላሴ በስም ብቻ ሳይሆን በእውነት መሆኑን ለመግለጥ ነው ብለው መለሱ። «አንድ» የሚሉትንም፣ ወልድን በእውነት የሌለ ታደርጉታላችሁን? ብሎ ጠየቃቸው። እነርሱም አይደለም አሉ፤ ሂፖስታሲስ ስንል ኡሲያ ማለታችን ነው ብለው መለሱ። እንዲህ ሆኖ ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን እምነት ተቀበለ። በግሪክኛ «አንድ ኡሲያ፣ ሦስት ሂፖስታሲስ» የሚለው አነጋገር ከዚህ በኋላ በባስልዮስና በሁለቱ ጎርጎርዮሶች ብዕር ጸንቶ ቆመ።

ይኸው አትናቴዎስ በ359 በጻፈው ሥራ ስለ ሌላ ቃል ተመሳሳይ ማስተዋል አሳይቷል። «ሆሞኡሲዮስ» ማለትን ፈርተው «ሆሞኢኡሲዮስ»፣ በኡሲያ የሚመሳሰል፣ ይሉ የነበሩ ሰዎች ነበሩ። በሁለቱ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት «ኢዮታ» የምትባለው ትንሿ የግሪክ ፊደል ናት። በኋላ ዘመን የመጡ ፈላስፎችና ታሪክ ጸሐፊዎች «ለአንዲት ፊደል ዓለም ታመሰ» እያሉ ተሳልቀዋል፤ በአማርኛም ይህ ሽሙጥ ሲደገም አንብቤአለሁ። አትናቴዎስ ግን ከተሳላቂዎቹ ይልቅ ጠንቃቃ ነበር። በአርዮስ ትምህርት ላይ ቅንጣት አልተመለሰም። ፊደሏን ይጨምሩ የነበሩትን ሰዎች ግን ሁሉንም በአንድ ላይ አልፈረጀም። ወልድ ከአብ እንጂ ካለመኖር እንዳልመጣ የሚያምኑትን እንደ ጠላት ሳይሆን ቃሉ ብቻ እንደ ከበዳቸው ወንድሞች አያቸው። ፊደልን ሳይሆን በፊደሉ የሚባለውን መዘነ።

ይህ ክርክር ከእኛ አገር የራቀ አልነበረም። አትናቴዎስ በ356 ከመንበሩ ከተባረረ በኋላ፣ ንጉሠ ነገሥት ቆንስጣንጢዮስ ለአክሱም ገዦች ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጽፎ፣ አትናቴዎስ የሾመው ፍሬምናጦስ በእስክንድርያ ወደ ተተካው ወደ ጊዮርጊስ ተልኮ እንዲመረመር ጠይቋል። ደብዳቤውን ያቆየልን አትናቴዎስ ራሱ ነው፤ ለንጉሡ በጻፈው መከላከያ ውስጥ አስገብቶታል። የአንዲት ፊደል ክርክር ቀይ ባሕርን ተሻግሮ አክሱም ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ከአንጾኪያ እስከ ኬልቄዶን

በአምስተኛው መቶ ዓመት ክርክሩ ከሥላሴ ወደ ሥጋዌ ተሸጋገረ፤ ዋናው ቃልም «ፊሲስ» ሆነ። እኛ «ባሕርይ» የምንለው ነው። የእስክንድርያው ቄርሎስ፣ ሰው የሆነው የእግዚአብሔር ቃል አንድ ፊሲስ መሆኑን የሚናገር ሐረግ አዘወተረ። ሐረጉን ከአትናቴዎስ የወረሰው መስሎት ነበር። የዘመናችን ተመራማሪዎች ግን ምንጩን የሎዶቅያው አቡሊናርዮስ ዘንድ አግኝተውታል። አቡሊናርዮስ ደግሞ ክርስቶስ የእኛ ያለ ነባቢት ነፍስ እንደ ነበረው አይቀበልም ነበር። ይህን የሚሰማ አንባቢ ይደነግጥ ይሆናል፤ ነገር ግን ለእኛ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ቄርሎስ ያንኑ ሐረግ ይዞ ክርስቶስ ነባቢት ነፍስ ያለው ፍጹም ሰው መሆኑን ደጋግሞ አስተምሯል። ሐረጉ አንድ ነው፤ በአንዱ አፍ የተባለው በሌላው አፍ ከተባለው ተለየ። ቃል በመዝገበ ቃላት ውስጥ ሳይሆን በተናጋሪው አፍ ውስጥ እንደሚኖር ከዚህ ይበልጥ የሚያስረዳ ምን አለ?

ቄርሎስ በ431 በኤፌሶን ንስጥሮስን አስወገዘ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ433 ደግሞ ከአንጾኪያው ዮሐንስ ጋር ሲታረቅ፣ ስለ ሁለት ፊሲስ አንድነት የሚናገር የስምምነት ጽሑፍ ተቀበለ። የምስጢሩ አንድነት ከተጠበቀ ከራሱ አነጋገር የተለየ አነጋገርን መታገሥ ይችል ነበር። እርሱ በ444 ከሞተ በኋላ ግን ትዕግሥቱም አብሮ የተቀበረ ይመስላል። በ448 አውጣኪ በቁስጥንጥንያ ተወገዘ፤ በ449 በኤፌሶን በተደረገው ሁለተኛ ጉባኤ ነጻ ወጣ። በዚያ ጉባኤ ላይ የሮማው ልዮን በላቲን ጽፎ የላከው ታላቅ ደብዳቤ ሳይነበብ ቀረ። የሮማው መልእክተኛ ዲያቆን ሂላርዮስም ተቃውሞውን በላቲን ጮኾ ከመናገር ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

በጥቅምት 451 ኬልቄዶን ላይ የሮማ መልእክተኞች በላቲን እየተናገሩ በአስተርጓሚ ወደ ግሪክኛ ይመለስላቸው ነበር። ያን አስተርጓሚ ሳስበው ላብ ላብ ይለኛል። የጉባኤው የመጀመሪያ ረቂቅ ክርስቶስ «ከ»ሁለት ባሕርይ መሆኑን የሚናገር ነበር። ዲዮስቆሮስም ከዚያ ቀደም ብሎ «ከሁለት» የሚለውን እንደሚቀበል፣ «ሁለት» የሚለውን ግን እንደማይቀበል በግልጥ ተናግሮ ነበር። መልእክተኞቹ ረቂቁን ተቃወሙ፤ የንጉሡም ፈቃድ ታከለበት፤ በመጨረሻው ጽሑፍ «ከ» ወጥቶ «በ»ሁለት ባሕርይ ተባለ። በግሪክኛ «ኤክ» እና «ኤን» ናቸው። አማርኛችን በአንድ ፊደል ሊለያቸው መቻሉ ያስደንቃል።

በዚህች ፊደል ሥር ግን አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ ነበር። ለእስክንድርያ ሰዎች «ፊሲስ» ለ«ሂፖስታሲስ» የቀረበ፣ በራሱ ቆሞ የሚኖር እውን ህላዌ ነው። ስለዚህ «በሁለት ፊሲስ» ሲባል ሁለት አካል፣ ማለትም ንስጥሮስ ተመልሶ የመጣ ሆኖ ተሰማቸው። ለሌላው ወገን «ፊሲስ» ለ«ኡሲያ» የቀረበ ነው። ስለዚህ «አንድ ፊሲስ» ሲባል ሰውነቱ በመለኮት ተውጦ የጠፋ፣ ማለትም አውጣኪ ያሸነፈ ሆኖ ተሰማቸው። እያንዳንዱ በሌላው አፍ የሰማው ራሱ አስቀድሞ ያወገዘውን ክሕደት ነበር። በ362 የተጠየቀው ቀላል ጥያቄ በ451 በሁለቱ ወገኖች መካከል በዚያ መንፈስ አልተጠየቀም። የቁስጥንጥንያው አናቶልዮስ፣ ዲዮስቆሮስ የተሻረው በሃይማኖት ምክንያት እንዳልሆነ በዚያው ጉባኤ ላይ መናገሩን ብዙዎቹ የአማርኛ መጻሕፍት አያነሡትም፤ ከሁለቱም ወገን የተጻፉት።

የተቃዋሚ ስም

አሁን ወደ «ብቻ» እንመለስ። እንግሊዝኛው «ሞኖፊዚት» የሚለው ስም «ሞኖስ» ከሚለው የግሪክኛ ቃል የተሠራ ነው፤ ብቸኛ፣ ነጠላ ማለት ነው። ቄርሎስ ግን «ሚያ» ነው ያለው፤ አንዲት ማለት ነው። የመጀመሪያው ሌላውን ያስወጣል፤ ሁለተኛው የተዋሐደውን ሊይዝ ይችላል። ስሙን ያወጡት ተቃዋሚዎች ናቸው። ኬልቄዶንን ያልተቀበሉት ሰዎች አውጣኪን አውግዘዋል። ታላቁ ሊቃቸው የአንጾኪያው ሳዊሮስ፣ መለኮትንና ትስብእትን የሚቀላቅሉ የራሱ ወገን ሰዎች ሲነሡ በእነርሱም ላይ ጽፏል። በ536 ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ የሳዊሮስ መጻሕፍት እንዲቃጠሉ፣ የገለበጣቸውም እጁ እንዲቈረጥ ዐወጀ። የግሪክኛው ጽሑፍ አብዛኛው ጠፋ። ሳዊሮስን ዛሬ የምናነበው ወደ ሱርስት የመለሱት ተርጓሚዎች ስላተረፉልን ነው። ተርጓሚ ሰውን ማዳን እንደሚችል ሁሉ በአንዲት «ብቻ» ሰውን ማስወገዝም ይችላል።

«ተዋሕዶ» የሚለው ስም ራሱ ለዚህ መልስ ይዟል። አንድ ብቻ የነበረ ነገር ሊዋሐድ አይችልም፤ የሚዋሐድ ሌላ ያስፈልገዋል። ሊቃውንቶቻችን ቱሳሔን፣ ሚጠትን፣ ውላጤን፣ ኅድረትንና ቡዓዴን እያራቁ ምስጢሩን የሚያስተምሩት ለዚህ ነው። የኬልቄዶንም ጽሑፍ መቀላቀልንና መለወጥን፣ መከፈልንና መለየትን የሚከለክሉ አራት ቃላት አሉት። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ያሳተመ የአማርኛ መጽሐፍ ግን እስካሁን እጄ አልገባም።

የእኛ ቃላት ጕዞ

ችግሩ በግሪክኛ አያበቃም፤ የእኛም ቃላት ተጕዘዋል። ግእዝ የሊቃውንቱን ትምህርት የተቀበለው በአንድ መንገድ አይደለም። የቄርሎስን ጽሑፎች የያዘው «ቄርሎስ» የተባለው መጽሐፍ በአክሱም ዘመን በቀጥታ ከግሪክኛ ተተረጐመ። «ሃይማኖተ አበው» ደግሞ በ16ኛው መቶ ዓመት ከዐረብኛ ተመለሰ። በሁለቱ መካከል አንድ ሺህ ዓመት ያህል አለ። «ባሕርይ» በግእዝ ዕንቍም ማለት ነው፤ በዐረብኛም «ጀውሀር» ዕንቍም ነው፣ የነገር መሠረታዊ ምንነትም ነው። ይህ እንዲያው የተገጣጠመ አይመስለኝም። «ጠባይዕ» ደግሞ ከዐረብኛው ጋር ያለው ዝምድና በድምፁ ይታወቃል።

ዛሬ እነዚህ ቃላት የት ደረሱ? በዕለት ንግግራችን «ባሕርይው አስቸጋሪ ነው»፣ «ጠባዩ መልካም ነው» እንላለን። ሁለቱም ወደ አመል ወርደዋል። «አካል» ሥጋዊ ሰውነት ሆኗል፤ አልፎም «የሚመለከተው አካል» እያልን መሥሪያ ቤት አድርገነዋል። እንግዲህ «ሁለት ባሕርይ» የሚለውን የሚያነብ ወጣት ሁለት ዓይነት አመል ያለው ሰው ቢታየው፣ «ሦስት አካል» ሲል ሦስት ሥጋ ያለው ቢመስለው ጥፋቱ የማን ነው? በሥነ ጽሑፍ ትምህርታችን «ገጸ ባሕርይ» የምንለው ቃል እንኳ ከዚሁ ክርክር ዕቃ ቤት የወጣ ነው። «ገጽ» የግሪክኛው «ፕሮሶፖን» አቻ ነው፤ ፊት፣ የመድረክ ጭምብልም ማለት ነው። ልቦለድ ስንተች በየቀኑ የምንጠራቸው ሁለቱ ቃላት፣ በኤፌሶንና በኬልቄዶን ሰው የተሰደደባቸው ቃላት አቻዎች ናቸው።

ከዚህ የከፋው ደግሞ በተለመደው አጻጻፋችን «ባሕርይ» የ«ኡሲያ»ም የ«ፊሲስ»ም ትርጕም መሆኑ ነው። በግሪክኛ ጠቡን ያስነሣው እነዚህ ሁለት ቃላት ይቀራረባሉ ወይስ ይራራቃሉ የሚለው ነበር። እኛ ሁለቱንም በአንድ ቃል ስንመልስ ጥያቄው ራሱ ከገጹ ላይ ይጠፋል። አንባቢ የሁለት ወገኖችን መልስ ያነብባል፤ ጥያቄውን ግን አያየውም።

ሁሉም የቃላት ጭቅጭቅ ነበርን?

እዚህ ላይ ሦስተኛውን ጉድለት መጠንቀቅ ይገባል። የአርዮስ ክርክር የቃላት አለመግባባት አልነበረም። ወልድ ፈጣሪ ነው ወይስ ፍጡር የሚለው ጥያቄ በየትኛውም ቋንቋ ቢጠየቅ ሁለት መልስ ነው ያለው። በአገራችንም የቅባት፣ የጸጋና የተዋሕዶ ሊቃውንት ክርስቶስ «ተቀባ» የሚለውን ቃል እንዴት እንረዳው እያሉ ለሁለት መቶ ዓመታት ያህል ሲከራከሩ፣ በ1878 በቦሩ ሜዳ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ባሉበት ጉባኤ እስኪደመደም ድረስ፣ ቃሉ የብዙ ምስጢር መግቢያ በር ስለሆነ እንጂ ፊደል ስለሚወዱ አልነበረም። ስለዚህ «ጭቅጭቅ ብቻ» ማለትም እንደ «አንድ ባሕርይ ብቻ» ሁሉ ሳይጠይቁ መፍረድ ነው።

ኬልቄዶንን በተመለከተ ግን ጥያቄው ዘግይቶም ቢሆን ተጠይቋል። የምሥራቅና የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ ሊቃውንት በ1964 በዴንማርክ ኦርሁስ፣ በ1967 በብሪስቶል፣ በ1970 በጄኔቫ፣ በ1971 በአዲስ አበባ ተገናኝተው ተወያይተዋል። በ1989 በግብፅ በአንባ ቢሾይ ገዳም፣ በ1990 በጄኔቫ አቅራቢያ በሻምበዚ የተሰበሰቡት የሁለቱ ወገን ተወካዮችም፣ በአነጋገር ቢለያዩም ያንኑ ሐዋርያዊ እምነት ሲጠብቁ እንደ ኖሩ በጋራ ገልጸዋል። ሙሉ የቁርባን አንድነት ግን አልተመለሰም። አንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት የቆየ ቍስል በመግለጫ ብቻ አይሽርም። መግለጫው የሚበቃ ነው የማይሉ ሊቃውንትም በሁለቱም ወገን አሉ፤ የእነርሱም ክርክር በአማርኛ ሳይዛባ ሊቀርብ ይገባዋል።

ከተርጓሚ የሚጠበቅ

እንግዲህ ምን ይደረግ? የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ስለ ጉባኤያቱ የሚጽፍ ሰው ቃሉን ማን፣ በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ምን ለማለት እንደ ተናገረው ይጻፍ። «ባሕርይ» ኡሲያን የሚመልስበትንና ፊሲስን የሚመልስበትን ቦታ ለይቶ ያሳየን። ለወገኖች ስም ሲሰጥ ራሳቸውን የሚጠሩበትን ያስቀድም፤ የተቃዋሚን ስም መጥቀስ ካለበት የተቃዋሚ መሆኑን ይናገር። ይህ ለአንዱ ወገን ማድላት አይደለም። «ንስጥሮሳዊ» እየተባለች ለኖረችው ለአሦር ቤተ ክርስቲያንም፣ ለኬልቄዶናውያንም የሚገባ ፍትሕ ነው።

የኔታ ያን ዕለት የሰረዙት አንዲት ቃል ነበር። ዛሬ ረቂቁን መልሼ ሳየው የቀረውም ዐረፍተ ነገር እንደማይበቃ ይገባኛል። አሁን ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦ «‹ባሕርይ› የሚለውን ቃል እንደ ቄርሎስ አነጋገር ወስደው፣ ሰው የሆነው ቃል ከሁለት ባሕርይ ያለ መቀላቀልና ያለ መለወጥ አንድ ሆነ የሚሉ።» ከፊተኛው ይረዝማል፤ አርታኢም ያሳጥረው ይሆናል። ነገር ግን ባለቤቶቹ ቢያነቡት «እኛ ብለናል ወይ?» ብለው አይጠይቁኝም።